የአያቶቻችን ጌጥ መቼ «ሳይለወጥ» ኖረ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ስለ አገራችን ጥንታዊ ጌጣጌጥ ያወሳል። ጉዳዩ መነሣቱ መልካም ነው፤ ስለ ጦርነትና ስለ ዙፋን የሚጽፍ ሞልቷል፣ ስለ አንገት ድሪ፣ ስለ ወለባና ስለ እግር አልቦ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ችግሩ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር የቆመበት ሐሳብ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ፋሽን የሚባለው ነገር ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ከውጭ የገባ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጌጥ ከሺህ ዓመት በላይ ሳይለወጥ የወረደ ወግ ነው። የባዕድ ንግሥት መልክ ያለበትን ብር በአንገት ማንጠልጠል አላዋቂነት ነበር። ጌጥ የሴት እንጂ የወንድ አልነበረም። የአንገት መስቀል የእምነት ምልክት ብቻ ስለሆነ ከፋሽን ጋር አይነካካም። ድሃው ደግሞ ጌጥ አያውቅም ነበር። ማሳረጊያው ለበዓል የሚያጌጡ ወጣቶች «ወደ ትክክለኛው ጥንታዊ ጌጥ» ይመለሱ የሚል ምክር ነው።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ጌጡን ቀረብ ብሎ ላየው፣ አያቶቻችን መርጠው የሚያደርጉ፣ እርስ በርስ የሚፎካከሩ፣ የሌላውን የሚቀዱ፣ ጊዜው ያለፈበትን አውልቀው አዲሱን የሚያነሡ ሰዎች ነበሩ። «ያልተለወጠ ወግ» ሲባሉ የተመሰገኑ ይመስላል፤ ነገር ግን የራሳቸው ምርጫ የሌላቸው ሰዎች ተደርገው ነው የቀረቡት።

ከመጀመሪያው ነጥብ እንነሣ። ከውጭ የመጣ ጌጥ በጣሊያን ጊዜ ከጀመረ፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ በግሪክኛ የጻፈው ነጋዴ ምን ሲያወራ ነበር? «ፔሪፕለስ» በሚባለው በዚያ መመሪያ ወደ አክሱም መንግሥት ወደብ ወደ አዱሊስ ምን ይዞ መሄድ እንደሚያዋጣ ተዘርዝሯል፤ ከግብፅ የመጣ ጨርቅ፣ በርካሽ የተነከረ ካባ፣ ዘርፍ ያለው መጎናጸፊያ፣ የከበረ ድንጋይ አስመስሎ የተሠራ ባለቀለም ብርጭቆ። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚባለው ስለ ብረታ ብረት የጻፈው ነው። ናሱን የአገሩ ሰዎች ለጌጥ ይፈልጉታል፣ እየቆራረጡም በገንዘብ ፈንታ ይገበያዩበታል፤ መዳቡ ደግሞ ለማብሰያ ዕቃ ይሆናል፣ ተቆርጦም ለሴቶች የእጅ አምባርና የእግር አልቦ ይወጣዋል። ጌጥና ገንዘብ አንድ ነገር የሆኑበት አገር ነው የሚታየው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ማርያ ቴሬዛ ብር ስንደርስ ይጠቅመናል።

የአክሱም ነገሥታትም ቢሆኑ ባለ አንድ መልክ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ ሳንቲም ማስመታት የጀመረው እንዱቢስ በጨርቅ የተጠመጠመ ራሱን፣ ከኋላ ጥብጣቡ ወርዶ፣ ነው ያሳየው። ብዙም ሳይቆይ በአፊላስ ወርቅ ላይ ዘውድ ብቅ አለ፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ በሳንቲሙ አንድ ገጽ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ገጽ በጨርቁ ብቻ ሆኖ ይታያል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቢዛንቲዩም የመጣ መልእክተኛ ንጉሡን አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ እንዳየው የማላላስ ዜና መዋዕል ይተርካል። የወርቅ አንገት ጌጥ፣ በክንዱ ላይ የወርቅ አምባር፣ በራሱ ላይ በወርቅ ክር የተሠራ የተልባ እግር ጨርቅ፣ በየጎኑም አራት አራት ጥብጣብ። ይህን ሁሉ ቆጥሮ የጻፈው ሰው በዘመኑ በአለባበስ የሚታማ ከማይመስል ቤተ መንግሥት የመጣ ነው፤ እሱ እንኳ ዓይኑን መንቀል አልቻለም።

ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የሆነውም የጽሑፉን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። ስኮትላንዳዊው ጸጉሩን በአማራ ወግ አስከርክሞ፣ አስጠቅልሎ፣ ሽቱ ተቀብቶ፣ ልብሱንም ለውጦ ነበር በቤተ መንግሥቱ የሚታየው፤ ራሱ ነው የጻፈው። ጎንደር የራሷ መልክ ነበራት፤ ሊታይ የፈለገ እንግዳ እሱን መከተል ነበረበት። ከእኛም አልፎ በምሥራቅ አፍሪካ ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ከዛንዚባር ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ የተነሣውን አሳሽ ሄንሪ ስታንሊን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ የጨሌ ምርጫ ነበር። አንዱ አገር የሚሻማበትን ቀለም ቀጣዩ አገር አይነካውም፤ የተሳሳተውን ጨሌ በሸክም ያስጓዘ ነጋዴ ቀለብ እንኳ ሳይገዛበት ይመለሳል።

አሁን ወደ ብሩ። ጸሐፊው በጣም የሚያላግጡት እዚህ ላይ ነው፤ «የባዕድ ንግሥት አንጠልጥለው ይኩራሩ ነበር» ይላሉ። በጽሑፉ ውስጥ እኔን ያበሳጨኝ መስመር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከምናውቀው ሁሉ ጋር ይጣላል።

ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር እያልን የምንጠራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ሳንቲም ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን በዚያው ዓመት ቁጥር እየተመታ ሌላ መቶ ሰባ ዓመት ያህል በእኛ አገር ገበያ ኖረ። በቪየና ብቻ ሳይሆን ኋላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተመትቷል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የቀረው መዳብ ሲሆን ብሩን ጠንከር ያደርገዋል፤ ንጹሕ ብር በጣም ለስላሳ ነው፣ ከዚህ ቅይጥ የሚሠራ ጌጥ ግን አጎንብሶ የሚሠራ ሰው ላይ ሲንጋጋ ቢውል ይችለዋል። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የዚሁ ብር ክብደት ነበር።

አላዋቂ የተባሉት ሰዎች ይህን ብር እንዴት ይቀበሉት እንደነበር እንይ። ገበያተኛዋ ብሩን ታገላብጠዋለች። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉት ዘጠኝ ዕንቁዎች አልጠፉም ወይ? በትከሻዋ ላይ ያለው መርፌ ቁልፍ ነጠብጣቦቹ ይታያሉ ወይ? ካልታዩ፣ አልወስድም። ሌላ ዓመት የተጻፈበት፣ የሌላ ንጉሥ መልክ ያለበት ከሆነም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ መቅደላ ለመዝመት የተነሣው የእንግሊዝ ጦር፣ ያ ሁሉ መድፍና ዝሆን ይዞ፣ ገበሬው ሌላ ገንዘብ ስለማይቀበል ይህንኑ ብር ከቪየና በብዙ መቶ ሺህ ማስመታት ግድ ሆኖበታል። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብር እንኳ ወደ ገበያው ሲወጣ ሕዝቡ አሮጌውን ይመርጥ ነበር። እንግዲህ መልኳን እስከ ዕንቁዋ ድረስ የሚያውቅ ሰው በአንገቱ ሲያንጠለጥላት ምን እንዳንጠለጠለ ያውቃል። ክብደቱ የታወቀ፣ ጥራቱ የታመነ ሀብት በደረቱ ላይ አሳይቷል። ከአዱሊስ ናስ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው፤ ጌጡ ገንዘብ፣ ገንዘቡም ጌጥ።

ብዙው ብር ግን እንዳለ አልተንጠለጠለም፤ ወደ አንጥረኛ ሄደ። ደንበኛዋ ብሮቿን ቆጥራ ትሰጣለች፤ አንጥረኛው በሸክላ አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ በሚሄዱ የብረት ሰሌዳ እየሳበ ሽቦ ያወጣል፤ ሽቦውን ይገምዳል፣ ይጠመዝዛል፣ ጥቃቅን የብር ፍሬዎችን ይበይድበታል። ድሪው የሚታዘዘው በብር ቁጥር ነበር፤ የሴትዮዋ አንገት ላይ ያለውን ያየ ሁሉ ስንት ብር እንደገባበት ይገምታል። ለባለቤቲቱም የራሷ ሀብት ነው፤ በክፉ ቀን ተመልሶ ይቀልጣል። እዚህ ላይ ለታሪክ አጥኚ የሚያሳዝን ነገር አለ። ያለፈበት ጌጥ ሳይጣል እየቀለጠ አዲስ ስለሚሠራበት፣ የቀደመው ትውልድ ድሪ በልጅ ልጁ አምባር ውስጥ ጠፍቷል። በእጃችን ያለው የብር ጌጥ አብዛኛው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ «ሺህ ዓመት ያልተለወጠ» የሚባለው ጌጥ ብዙውን ጊዜ የቅድመ አያት ዕድሜ ነው ያለው።

ከብሩ በላይ ወርቅ ነበር፤ ወርቅ ግን ለሁሉ አልተፈቀደም። ለነገሥታቱ ቤተሰብና ንጉሡ ለፈቀደለት የተወሰነ እንደነበር የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጓዦች ደጋግመው ጽፈዋል። ማንም የማይመኘውን ነገር የሚከለክል ንጉሥ የለም። ለዚህም ነው በዚያ ዘመን የወርቅ ቅብ ብር የምናየው፤ ሕጉን ሳይጥስ ዓይንን የሚሞላ ብልሃት ነው። የዚያን ዘመን ጌጥ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ፣ ከመቅደላ ከተዘረፈው መካከል የአጼ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስና ጌጣጌጥ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ከመቅደላ የተወሰዱ 20 ዕቃዎችን ለእይታ ሲያቀርብ ቀሚስና ጌጣጌጥም ነበሩበት። የጥጥ ቀሚስ ነው፤ ደረቱና እጅጌው በሐር ክር ተጠልፏል። ጥጡ የአገር ነው፣ ሐሩ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የትኛው «ትክክለኛ» እንደሆነ ጸሐፊው ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

«ጌጥ የሴት ነው» ለሚለው ምላሽ መስጠት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ መጨረስ ነው። የአንድ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦረኛ ምን ይዞ ይወጣ እንደነበር እንቁጠር። በራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር። በትከሻው ለምድ። ገዳይ ከሆነ ጸጉሩ ሹሩባ ተሠርቷል፤ ዝሆን ከገደለ በጆሮው የወርቅ ጉትቻ ሊያደርግ ይችላል። በአንገቱ ክታብ፣ በማተቡም ላይ እሾህ የሚነቅልበት ወረንጦ። በቀኝ ጎኑ (በግራ አይደለም፤ የውጭ ሰዎችን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው ይህ ነበር) ጎራዴ ወይም ሾተል፣ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ። የጎራዴው ስለት ብዙ ጊዜ ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጣ ነው፤ አንዳንዱ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ለእኛ ገበያ ተብሎ ተቀርጾበታል። ዞሊንገን ላይ የተቀመጠ ነጋዴ የአማርኛ ፊደል በስለት ላይ የሚያስቀርጸው ገዢው በመልኩ እንደሚመርጥ ስላወቀ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚናገረው ጋሻው ነው። የቆዳ ጋሻ ጦር ይመክታል፣ ጥይት አይመክትም። ጠመንጃ እየበዛ ሲሄድ ጋሻው መቅረት ነበረበት፤ እሱ ግን እየተዋበ ሄደ። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ20ኛው መጀመሪያ ጋሻዎች በከፋይ ተለብጠው፣ በብርና በወርቅ ቅብ ፈርጥ ተሸፍነው ነው የሚታዩት። በከፋይ የተለበጠ ጋሻ ይዞ ማንም አይዋጋም። ለሰልፍ፣ ለግብር፣ ለመታየት ነው፤ የንጉሥ ስጦታ መሆኑም በሩቁ ይለያል። ጥቅሙ ያለቀ ዕቃ ለውበቱ ብቻ ሲያዝ ፋሽን ካላልነው ምን እንበለው?

ስለ ወንድ ጸጉር አንድ ነገር ልጨምር። የአጼ ቴዎድሮስ ሹሩባ በየሥዕሉ የምናውቀው ነው። መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የጸጉራቸው ቁራጭ እንግሊዝ ሄዶ፣ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ነው የመለሰው። የወሰዱት ሰዎች የዚያን ሰው ጸጉር ተራ ጸጉር አድርገው አላዩትም፤ ጸሐፊው ግን የወንድ ጌጥ አልነበረም ይሉናል።

ምኒልክ ደግሞ ሌላ መልክ አመጡ። ራስ ላይ ነጭ ሻሽ፣ ከላዩ ሰፊ ክፈፍ ያለው ጥቁር ባርኔጣ፣ ከትከሻ ጥቁር ካባ። ባርኔጣው ከውጭ ነው፣ ሻሹ የቤት ነው፣ አደራረጉ ግን ከዚያ በፊት በሁለቱም ወገን ያልነበረ ነው። የዘመኑን ፎቶግራፎች ያገላበጠ ሰው፣ ራስ ቢሆን፣ ደጃዝማች ቢሆን፣ ፊታውራሪ ቢሆን፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ያንኑ ባርኔጣ ሲደፋ ያያል። ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ፣ ሰው ሰውን እያየ የሚቀዳው ነገር እንዲህ ነው የሚሆነው።

የአንገት መስቀልን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ማተብ ጌጥ አይደለም፤ በጥምቀት የሚታሰር የክርስትና ምልክት ነው፣ ማንም በዚህ አይቀልድም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ሕዝቡ የእምነቱን ቃል በግንባሩና በክንዱ ላይ እንዲያደርግ እስከማዘዝ ደርሰው ነበር። ነገር ግን እምነቱ አንድ ሆኖ መስቀሉ ለምን በየዘመኑ መልኩን ቀየረ? የቀደሙት የአንገት መስቀሎች ከብረት፣ ከናስ፣ ከእንጨት ነበሩ፤ ብር የተስፋፋው ጠገራው ከተስፋፋ በኋላ ነው። አንዳንዱ መስቀል ሳይቀልጥ በቀጥታ ከብሩ ተቆርጦና ተሞርዶ የወጣ ነው፤ ገልብጠው ቢያዩት ሞረዱ ያልደረሰበት ቦታ ላይ የሳንቲሙ ቅርጽ ርዝራዥ ይገኛል። ይህን የሠራ አንጥረኛና ይህን ያሠራ ምእመን እምነታቸው አልጎደለም፤ መስቀሉ እንዲያምርም ፈልገዋል።

ጸሐፊው ከዘለሉት ነገር ሁሉ የጆሮ ኩክ ማውጫውን አልምራቸውም። ጣት የምታህል የብር ዕቃ ናት፤ በአንድ ጫፏ የምስር ፍሬ የማትሞላ ማንኪያ አለች፣ አናቷ ላይ ደግሞ መስቀል ወይም ክብ ጥልፍልፍ፣ ከዚያ ማንጠልጠያ ቀለበት። እጀታዋ ተጠምዝዞ፣ በቀጭን መስመር ተቀርጾ፣ አንዳንዴም ጎኗ ላይ ጥርስ ጥርስ ወጥቶላት ይታያል። ለኩክ ማውጫነት ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ የሣር እንጨትም ይበቃ ነበር። ይህችው ዕቃ ከመስቀሉ ጎን በአንድ ገመድ ላይ ትንጠለጠል ነበር። አንገት ለእምነት ብቻ የተጠበቀ ቦታ ቢሆን ኩክ ማውጫ ምን ልትሠራ ወጣች?

«ድሃው ጌጥ አያውቅም» የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። የአዱሊሱ መዳብ የቤተ መንግሥት ሳይሆን የተራ ሴት አምባር ነበር። ጨሌ፣ ዛጎል፣ የቀንድ ቀለበት፣ የቆዳ ገመድ፣ ኩል፣ እንሶስላ በየመንደሩ ነበሩ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአንገት ንቅሳት ነው። በሰሜኑ አገር አንገታቸው ላይ ዙሪያውን በረድፍ፣ እንደ ድሪ ተደርድሮ የተነቀሱ እናቶችን ያላየ የለም። አንጥረኛ የማይከፈልበት፣ ሌባ የማይፈታው፣ ለዕዳ የማይወሰድ ድሪ ነው። ሥርዓቱም ልክ የብሩን ድሪ የተከተለ ነው፤ ረድፉ፣ ነጠብጣቡ፣ መሃል ላይ የሚወርደው መስቀል። ጌጥ የማያውቅ ሰው ይህን አያስብም። በመርፌ ተወግቶ፣ አንገቱ ሰንብቶ እስኪድን ታግሦ ያጌጠን ሰው ጌጥ አያውቅም ማለት ድፍረት ነው። በሐረር ያገባች ሴት ጸጉሯን ከሁለት ከፍላ ከጆሮዎቿ ኋላ ጠቅልላ በጉፍታ ስትሸፍነውም ብር አላስፈለጋትም፤ ያገባች መሆኗ ግን በመንገድ ላይ ይነበባል።

የቀረው ምክሩ ነው፤ «ወደ ትክክለኛው ጥንታዊ ጌጥ እንመለስ»። ለበዓል ድሪ የምታሠራ ወጣት ምን ታድርግ ተብሎ ቢጠየቅ እኔ የምለው ይህ ነው። ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሂጂ፤ መስቀሎቹንና ጌጣጌጦቹን በእርጋታ እዪ፤ የወደድሽውን ንድፍ ያዢና ወደ አንጥረኛው ውሰጂ። መጠኑን አሳንሺው፣ የማትወጂውን አስቀሪው፣ የጓደኛሽን አይተሽ ከሆነም ከእሷ የተሻለ አሠሪ። አያትሽም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ብሯን ቆጥራ ሰጥታ፣ የጎረቤቷን ድሪ በዓይኗ ለክታ።

ጸሐፊው መልስ ከሰጡ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ፤ «ትክክለኛው» የሚሉት የየትኛው ከተማና የየትኛው አሥርት ዓመት ጌጥ ነው? «ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረው ሁሉ» ካሉ የምኒልክን ሰፊ ባርኔጣም ይጨምሩልን፤ እሱም ከወረራው በፊት ነው።